ሞተሩ ይቅደም ወይስ ቀለሙ?

የደረሰን ደብዳቤ፦

«ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። እቁብ ሲደርሰኝ ከቁጠባዬ ጋር ደምሬ በፈረንጅ 2003 የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ ገዛሁ፣ ሞተሩ 1.8 ነው። ልጆቼን ትምህርት ቤት ላደርስበት፣ መራዊ ያለችውን እናቴንም ልጠይቅበት ብዬ ነበር። ሲሸጡልኝ ቀለሙ ያብረቀርቅ ነበር። ከአዲስ አበባ ስናመጣው ዓባይ በረሃን ወጥተን ደጀን ሳንደርስ የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ወጣ። ደላላው ‹ዳገት ነው፣ ያጋጥማል› አለን። አሁን በየሁለት ሦስት ቀኑ ራዲያተሩ ላይ ውሃ እጨምራለሁ። ጠዋት ሳስነሳው ሰማያዊ ጭስ ይለቃል፣ ዘይትም ይጎድላል። ከኋላ ጎማው በላይ ቀለሙ እያበጠ ይፈነዳል፣ ኮፈኑ ላይ ደግሞ ይላጣል። አንዱ መካኒክ ሞተሩ ወርዶ ይታደስ አለኝ። ሌላው ያገለገለ ሞተር ግዢ ይለኛል። ቀለም ቀቢው ሙሉ ቀለም ካልሆነ አልነካውም አለ። ወንድሜ ደግሞ ቀለም ብቻ ቀብተን እንሽጠው ይላል። ያለኝ ገንዘብ ለአንዱ ቢበቃ ነው። ምን ላድርግ? ግራ የገባኝ፣ ከዓባይ ማዶ»

እህቴ፣ እንደምን አለሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉም ያስጨነቀኝ አራት ሰው አራት መፍትሔ ይዞልሽ መምጣቱ ነው። ሞተሩ ይውረድ፣ ሞተር ይገዛ፣ ሙሉ ቀለም ይቀባ፣ ይሸጥ። ከነዚህ ሰዎች ውስጥ መሣሪያ ይዞ መኪናሽን የለካ ግን አንድም የለም። ውሃው የት እንደሚሄድ ማንም አልነገረሽም። ዘይቱ በየት በኩል እንደሚቃጠል ማንም አልነገረሽም። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚከፈል ገንዘብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈለው። ስለዚህ ያጠራቀምሽውን ብር አሁን ለማንም እንዳትሰጪ። መጀመሪያ ለመለካት ብቻ ክፈይ። እሱ ሞተር ለማውረድ ከሚጠየቀው ጋር የሚወዳደር ሒሳብ አይደለም።

ከውሃው እንጀምር። ዘይት መብላት ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳሽ፣ ሙቀት ግን በአንድ ጉዞ ሞተሩን ሊጨርሰው ይችላል። ጤነኛ መኪና በየሁለት ሦስት ቀኑ ውሃ አይጠይቅም። መንገዱ ዝግ ነው፣ ያው ውሃ ነው እየዞረ የሚሠራው። የምትጨምሪው ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው ማለት ነው። ወይ ወደ መሬት ይፈሳል፣ ወይ ተንኖ ይወጣል፣ ወይ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። የመጨረሻው ነው ከባዱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ብዙ ጊዜ በትንሽ ወጪ የሚያልቁ ናቸው፣ እና እነሱ ሳይጣሩ ወደ ሦስተኛው መሄድ የለብሽም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር ልንገርሽ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ቤትሽ ክፍት ድስት ውስጥ የጣድሽው ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም፣ 94 ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተርሽ ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ሥራ ላይ እያለ የሚውለው በ80ዎቹና በ90ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ነው፣ ፋኑም የሚነሳው 90 ካለፈ በኋላ ነው። ታዲያ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ስለሚያፍነው ነው። ክዳኑ ስፕሪንግና ጎማ አለው፣ ግፊት ይይዛል፣ ያ ግፊት ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ግፊት የለም፣ ፋኑ በወጉ ሥራ ሳይጀምር ውሃው ይፈላና ይተናል። ደጀን ደግሞ ከባሕር ዳርም ከፍ ትላለች፣ ስለዚህ እዚያ ዳገት ላይ ከዚህም ቀድሞ ይፈላል። ደላላው «ዳገት ነው» ያለሽ ግማሹ እውነት ነው። ዳገት ያሞቃል፣ ግን ደህና መኪና ዓባይ በረሃን መለኪያው ከመሐል ሳይነቃነቅ ይወጣዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ግዢሽ አዲስ የራዲያተር ክዳን ይሁን። በአሮጌው ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛለሽ፣ ለመኪናሽ የሚሆነውን አጣርተሽ ያንኑ ቁጥር ግዢ፣ የገጠመ ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም። ስትቀይሪው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። አደራ፣ በሙቅ ሞተር ላይ ክዳን እንዳትከፍቺ። የታፈነው ውሃ ተፈናጥሮ ፊትና እጅ ያቃጥላል፣ ልጆቹ አጠገብሽ ካሉ ደግሞ ለእነሱም ይተርፋል። መንገድ ላይ ከሞቀብሽ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፊ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቺ (ሙቀቱን ከሞተሩ ወደ ውስጥ ይስብልሻል)፣ ጥግ ይዘሽ ቁሚና ሞተሩን አጥፍተሽ ጠብቂ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታውን (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተሩን ራስ) ያጣምመዋል፣ አንዳንዴም ይሰነጥቀዋል። ይሄ ሞተር ከላይ እስከ ታች አሉሚኒየም ነው፣ በሙቀት ቀልድ አያውቅም።

ከክዳኑ ቀጥሎ ፍሳሽ ይፈለግ። ማታ ስታቆሚው ከሞተሩ ሥር ሰፊ ካርቶን አንጥፊና ጠዋት እዪው። መካኒኩ ደግሞ ራዲያተሩ ላይ በእጅ የሚነፋ የግፊት መሞከሪያ ገጥሞ ይንፋ፣ ሞተሩ ሳይነሳ የሚፈስበት ቦታ ራሱን ያጋልጣል። የውሃ ፓምፑ ሥር ነጭ ወይም ቀይ የደረቀ ምልክት ካለ ፓምፑ እያለቀ ነው። የራዲያተሩ የላይኛውና የታችኛው ፕላስቲክ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በዚህ ዕድሜ መሰንጠቅ ይወዳል። ከፊት ወለሉ ላይ ያለው ምንጣፍ ከረጠበ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው። ፋኑ በጊዜው መነሳቱ፣ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ የውሃውን መንገድ ዘግቶ የሚይዘው) መከፈቱ ይታይ። ብዙ ሰው ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል፣ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሞተሩ ወደ ትክክለኛው ሙቀት ቶሎ አይደርስም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም በውስጡ የሚጠራቀመውን እርጥበት አያደርቅም። አዲስ ይግባለት።

እና የቧንቧ ውሃ ይቁም። ቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን ራዲያተሩ ውስጥ ይጋገራል፣ አሉሚኒየሙንም ይበላዋል። ፍሳሹ ከተዘጋ በኋላ አሮጌው ውሃ ሙሉ ይቀዳና ኩላንት በባትሪ ውሃ (አሲድ የሌለበት፣ የተጣራው ውሃ) ተበርዞ ይሞላ። ኩላንት ቀለም ስላለው ወደፊት ቢፈስም ቶሎ ታዪዋለሽ።

ፍሳሽ ከጠፋ፣ ክዳኑ ተቀይሮም ውሃው መጉደሉን ከቀጠለ ነው ወደ ቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) የምንሄደው። ምልክቶቹን አንቺም ማየት ትችያለሽ። ጠዋት በቀዝቃዛው ክዳኑን ከፍተሽ ሞተሩን አስነሺ፣ ውሃው ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ ከተነሳ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠሽ እዪ፣ ማኪያቶ የመሰለ ቅባት ካለበት ውሃና ዘይት ሊገናኙ ይችላሉ (አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ላይ ግን በጤናው ትንሽ ይታያል፣ ስለዚህ በዚህ ብቻ አትደንግጪ)። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ሌላው ምልክት ነው። እርግጠኛ ለመሆን ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚያዝ፣ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መሞከሪያ አለ። ፈሳሹ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ጓርኒሲዮኑ አልያም ቴስታታው ችግር አለበት። ያኔ ቴስታታው መከፈቱ ግድ ነው፣ እኔም አልከራከርም። ሲከፈት ግን ቴስታታው ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀጥ ማለቱና አለመሰንጠቁ ይፈተሽ፣ ቦሎኖቹም አዲስ ይሁኑ። አዲስ ጓርኒሲዮን በተጣመመ ቴስታታ ላይ መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ይሄ እስኪታወቅ ድረስ ከከተማ እንዳትወጪ። እናትሽን ለመጠየቅ ለጊዜው በሚኒባስ ሂጂ።

አሁን ወደ ዘይቱ። ስለዚህ ሞተር ልታውቂው የሚገባ ነገር አለ። የዚያ ዘመን 1.8 ኮሮላ ላይ የሚገኘው ሞተር መካኒኮች ዋን ዜድ ዜድ የሚሉት ነው። ጥሩ ሞተር ነው፣ በዘይት ግን በዓለም ዙሪያ ይታማል። የቀድሞዎቹ ፒስተኖች ላይ በፋሻው (ፒስተኑን በሚከቡት ቀለበቶች) የሚጠረገው ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ነበሩ። ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ ቀዳዳዎቹ በጥቀርሻ ይዘጋሉ፣ ፋሻው ይጣበቃል፣ ዘይቱ ወደ ላይ አልፎ ይቃጠላል። ቶዮታ በኋላ ላይ ፒስተኑን አሻሽሎ ሠርቶታል። ይህን የምነግርሽ የአንቺ መኪና ይሄው ሆኗል ለማለት አይደለም። ሊሆን ይችላል፣ ግን ሰማያዊ ጭስ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፣ ሦስቱ ደግሞ ዋጋቸው ሰማይና ምድር ነው።

ርካሹ ፒሲቪ ቫልቭ የሚባለው ነው። ሞተሩ ውስጥ የሚታመቀውን እንፋሎት ተመልሶ እንዲቃጠል የሚያሳልፍ ጣት የምታክል ዕቃ ናት። ስትዘጋ ወይም ተከፍታ ስትቀር ሞተሩ ዘይት ይስባል። አውጥተሽ ስትነቀንቂያት ካልተንኳኳች ትቀየር። ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት ይቺ ትታይ። ይህን ሳያዩ «ሞተር ይውረድ» ያሉ ሰዎች ያናድዱኛል።

ሁለተኛው የቫልቭ ጎሚኒ ነው፣ ዘይት በቫልቩ በኩል እንዳያልፍ የሚይዘው ማሸጊያ። ጎማ ስለሆነ ይደርቃል። ሌሊቱን ዘይት እየተንጠባጠበ ያድርና ጠዋት ስታስነሺው ቡፍ ብሎ ጭሶ ይጠራል። አንቺ የጻፍሽው «ጠዋት ሳስነሳው» ስለሚል እኔ በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ይህን ነው። ሦስተኛው ፋሻው ነው፣ እሱ ጠዋት ብቻ አይጨስም፣ ነዳጅ በረገጥሽ ቁጥር፣ ዳገት ላይ በጫነው ቁጥር ይጨሳል።

መለየት ይቻላል። የውሃው ነገር ከተስተካከለ በኋላ ብቻ፣ ወንድምሽ ከኋላ በባጃጅ ይከተልሽና ወደ ቤዛዊት የሚያወጣውን ዳገት ውጪ። ስትወጪ ያለማቋረጥ ሰማያዊ ከጨሰ ጣቴን ወደ ፋሻው እቀስራለሁ። ከዚያ ስትወርጂ እግርሽን ከነዳጅ አንሺና በማርሽ አስይዘሽ ውረጂ፣ ታች ስትደርሺ ነዳጅ ርገጪ። በዚያች ቅጽበት ብቻ ጭሶ ከጠራ ጎሚኒው ነው፣ ምክንያቱም ሲወርድ ሞተሩ በኃይል ይስባል፣ በደረቀው ጎማ በኩል ዘይት ይገባል። የጭሱን ሰዓት ወንድምሽ በስልኩ ይቅረጸው፣ ለመካኒክ ከመናገር ማሳየት ይሻላል። ጎሚኒ ደግሞ ሞተር ሳይወርድ፣ በሚያውቅበት ሰው እጅ ቴስታታውም ሳይነሳ ሊቀየር ይችላል።

ከዚያ ኮምፕሬሽን (እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ይለካ። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ነዳጅ መርገጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ነው የሚለካው። አራት ቁጥር ይወጣል፣ በወረቀት ይጻፍልሽ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። ባሕር ዳር ላይ የአየሩ ግፊት ከዚያ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ጤነኛ ሞተርም እዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። መካኒኩ ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቶ «አለቀ» ካለሽ ይህን ንገሪው። እኔ ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ የማየው አራቱ መቀራረባቸውን ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጣም ከወረደ፣ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ ይደረግና እንደገና ይለካ። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻ ነው፣ ካልወጣ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። ይኸው ነው፣ ምስጢር የለውም። ይህን መሣሪያ የሌለው ጋራዥ ሞተርሽን እንዲከፍት አትፍቀጂ።

እስከዚያው ዘይቱን አንቺ ራስሽ መዝግቢ። ጠዋት፣ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሳ እስከ ላይኛው ምልክት ሙዪውና ኪሎ ሜትሩን ጻፊ። የገባውንም ዘይት ጻፊ። በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር የሚበላ አሮጌ ሞተር ከሆነ፣ እኔ ብሆን እየጨመርኩ እነዳዋለሁ፣ አላወርደውም። አንድ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እድሳቱ መታሰብ አለበት። ዋናው ነገር ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች እንዳይወርድ ነው፣ ይሄ ሞተር የሚይዘው አራት ሊትር እንኳ የማይሞላ ነው፣ አንድ ሊትር ሲጎድል ከሩቡ በላይ ሄዷል። ጭሱን ለመደበቅ ወፍራም ዘይት አስገቢ የሚልሽ ካለ አትስሚው። ምናልባት ሲሸጡልሽም ያልጨሰው በዚህ ይሆናል።

እድሳት ግድ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ። «ቶርኖ ቤት ወስደን ሲሊንደሩን እናሰፋዋለን» ካሉሽ ቁሚ። ይህ ሞተር አሉሚኒየም ሆኖ ውስጡ ቀጭን የብረት እጅጌ ነው ያለው፣ ለመስፋት የተሠራ አይደለም። እጅጌው ካልተቧጨረ በተሻሻለው ፒስተንና በአዲስ ፋሻ ይታደሳል። ከተቧጨረ ያን ጊዜ ያገለገለ ሞተር ማሰብ ይመጣል። ያገለገለ ሞተር ግን መጀመሪያ የሚገዛ ነገር አይደለም፣ የሚገዛው እኮ ያው ዋን ዜድ ዜድ ነው፣ የቀድሞ ባለቤቱ እንዴት እንደነዳው የማታውቂው። ብትገዢም ከመከፈሉ በፊት ኮምፕሬሽኑ ይለካ፣ በጽሑፍ ዋስትና ይኑረው፣ ሕጋዊ ወረቀቱን ተቀበይ። የሞተር ቁጥር ሊብሬሽ ላይ ስላለ ማስመዝገብ አለብሽ፣ አለዚያ በኋላ ለቦሎም ለሽያጭም ትቸገሪያለሽ።

የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ «መልሱልኝ» በይ። መብትሽ ነው። የወጣው የተቃጠለ ዘይት ደግሞ በጀሪካን ይጠራቀም እንጂ ቦይ ውስጥ እንዲደፋ አትፍቀጂ። የከተማችን ቦይ የሚያበቃው ጣና ላይ ወይም ዓባይ ላይ ነው፣ ሐይቁ በእምቦጭ የደረሰበት ይበቃዋል።

ወደ ቀለሙ ልምጣ። ሁለት የተለያየ በሽታ ነው ያለብሽ፣ ቀለም ቀቢው ግን አንድ አድርጎ ነው የነገረሽ።

ኮፈኑ ላይ የሚላጠው ከላይ ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ክሊር የሚሉት ነው። ፀሐይ በልታው ነው፣ ወይ ከመሸጡ በፊት በጥድፊያ የተቀባ ስለሆነ አልያዘም። ያስጠላል፣ ያናድዳል፣ ግን አይጎዳሽም። ኮፈኑ ለጊዜው እንደተላጠ ቢቆይ ሞተሩ አይቆምም። ፖሊሽ ይመልሰዋል ቢሉሽ ግን አይመልሰውም፣ የተላጠ ክሊር የሚስተካከለው ተፍቆ እንደገና ሲቀባ ብቻ ነው፣ እሱም ኮፈኑ ብቻ።

ከኋላ ጎማው በላይ ያበጠው ሌላ ነው። እዚያ ብረቱ ከሥር እየዛገ ነው። ሰው «የጣና እርጥበት ነው» ይልሻል። ጣና ጨው አልባ ውሃ ነው፣ አየሩ እንደ ባሕር ዳርቻ አየር ብረት አይበላም። ጭቃው ነው የሚበላው። በክረምት ከፓራፋንጎው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የሚጣበቀው ጭቃ ወራት ሙሉ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል። መኪናው ከባሕር አጠገብ ካለ አገር የመጣ ከሆነ ደግሞ ዝገቱ እዚያው ጀምሮ በስቱኮ (ከቀለም በፊት በሚለጠፍ መሙያ) ተሸፍኖ መጥቶ ይሆናል። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ በዚያ አካባቢ አስኪጂው። በጣሪያው ላይ እንደሚይዘው ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። የፋብሪካ ቀለም ውፍረቱ ሁሉ ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ስቱኮ ያለበት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወፍራል፣ መለኪያ ያለው ሰው ካገኘሽ በደቂቃ ይነግርሻል።

ይሄኛው መጠበቅ አይችልም። ብዙ ገንዘብ ግን አይጠይቅም፣ ምክንያቱም አሁን የምንፈልገው ውበት አይደለም፣ ዝገቱ እንዲቆም ነው። ባትላሜራው ያበጠውን እስከ ንጹሕ ብረት ይፈቀው። የበሰበሰ ካለ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድ። ከዚያ አንቲሩጂን (የዝገት መከላከያ ቀለም) በደንብ ይጠጣ። ስቱኮ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ በስሱ። በዝገት ላይ ስቱኮ የሚለጥፍ ሰው ካየሽ ሥራውን አስቁሚ፣ በዓመቱ ያው እብጠት ተመልሶ ይመጣል። ከውስጥ በኩልም ጭቃው ታጥቦ ይድረቅና የወለል መከላከያ ቅባት ይቀባ። ከበሩ ሥር ያሉት ትናንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ደግሞ በቀለም እንዳይደፈኑ ተጠንቀቂ፣ ብዙ በር ከውስጥ የሚበሰብሰው በዚህ ነው።

ሙሉ ቀለሙ ይቆይ። ስታስቀቢውም ጊዜውን ምረጪ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ደጅ ላይ የሚቀባ ቀለም አልመክርም። ቲነሩ ሲተን ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት ቀለሙ ላይ ይጤዛል፣ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ይዞ ይደርቃል። በኮምፕሬሰሩ ጎማ ውስጥ የሚጠራቀም ውሃም አብሮ ይረጫል። ከጥቅምት በኋላ ይሻላል፣ በተዘጋ ቦታ፣ በቀን። እዚህ ሐይቅ ዳር ማታ መብራት አብርቶ መቀባት ትንኝ አብሮ መቀባት ነው። እና ግቢሽ ውስጥ ላስቀባ ብለሽ ካሰብሽ ተይው። ክሊሩ ውስጥ የሚጨመረው ማጠንከሪያ ለሳንባ ክፉ ነው፣ ቀቢውም ያለ ጭምብል መሥራት የለበትም፣ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ፈጽሞ።

እስከዚያው ደህና ያለውን ቀለም ጠብቂው። የወፍ ኩስ ክሊር ይበላል፣ ከተማችን ደግሞ ዛፉም ወፉም ብዙ ነው። ኩስ ሲወድቅበት ደረቁን አትፈግፍጊው፣ በውሃ አርሰሽ አንሺው። መኪናውንም ሐይቁ ዳር አስገብተሽ አትጠቢ፣ ለመኪናውም ለሐይቁም አይሆንም።

ወንድምሽ ያለውን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር፣ አይቀየመኝ። ቀለም ቀብቶ መሸጥ ማለት አንቺ ላይ የደረሰውን ለሌላ ቤተሰብ ማሳለፍ ነው። በሕግም አያዋጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ያደርገዋል፣ ጉድለቱን አውቆ ከደበቀ ደግሞ «ከዚህ በኋላ አያገባኝም» ብሎ ውል ላይ ማስፈሩ አያድነውም። ይህ ለአንቺም ይሠራል። የገዛሽበትን ውል ይዘሽ ጠበቃ አማክሪ፣ የመጠየቂያው ጊዜ አጭር ስለሆነ አትቆዪ። መሸጥ ካለበትም ኮምፕሬሽኑ በወረቀት ተለክቶ፣ ጉድለቱ ተነግሮ፣ ዋጋው ተስተካክሎ ይሸጥ። ግን እኔ ብሆን አልሸጠውም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ በዚያ ገንዘብ የምትገዢው ሌላ መኪናም ያገለገለ ነው፣ የእሱን ጉድ ደግሞ ገና አታውቂውም። የዚህኛውን ቢያንስ ማወቅ ጀምረሻል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ክዳኑን ቀይሪ፣ ግፊት አስነፊ፣ ፒሲቪዋን አሳዪ፣ ካርቶኑን አንጥፊ። ቀጥሎ ኮምፕሬሽን ይለካ። ከዚያ ዝገቱ ይቁም። የተረፈው ገንዘብ የሚሄደው ልኬቱ ወዳመለከተው ቦታ ነው። አራቱን የኮምፕሬሽን ቁጥሮች፣ ካርቶኑ ላይ ያየሽውን ምልክትና ወንድምሽ የሚቀርጸውን የጭስ ቪዲዮ ላኪልኝ። እነሱን ሳይ ጎሚኒ ይሁን ፋሻ በድፍረት እነግርሻለሁ፣ ጋራዥ ገብተሽ የምትጠይቂውንም አብረን እንጽፋለን።